ስታቲክ ድረ ገጽ ከውስጥ፦ ለአንድ የሐይቅ ማረፊያ የሚሆን ገጽ ከባዶ ፋይል እስከ ኢንተርኔት

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ተቀምጣችሁ «ዌብሳይት ልሠራ ነው» ካላችሁ ሁለት ዓይነት ምክር ይመጣላችኋል። አንዱ «ወርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) ጫን» ይላል። ሌላው «ምን አደከመህ፣ ፌስቡክ ላይ ፔጅ ክፈት» ይላል። ሁለቱም ቦታ ቦታ አላቸው። ግን ለአንድ ፔንሲዮን፣ ለአንድ ዳቦ ቤት ወይም ለአንድ ሸማኔ የሚበቃ ሦስተኛ መንገድ አለ። ስታቲክ ገጽ ይባላል። በእኔ እምነት እንደኛ መብራት ለሚጠፋበትና ኔትወርክ ለሚንቀራፈፍበት አገር ከሁሉም የሚስማማው እሱ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። አክስታችሁ ሐይቅ አጠገብ አምስት ክፍል ያለው ማረፊያ አላቸው እንበል። ቅዳሜና እሑድ ከደሴም ከኮምቦልቻም ሰው ይመጣል። ዓሣ ይበላል፣ ውኃውን ያያል፣ እስጢፋኖስ ገዳም ደጃፍ ይደርሳል። ይህ እንግዳ ከቤቱ ሳይነሳ ማወቅ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። አልጋው ስንት ነው? ቦታው የት ነው? በምን ልሂድ? ለማን ልደውል? ይህን የሚመልስ ገጽ በኖትፓድ (ዊንዶውስ ላይ ባለው ተራ መጻፊያ) እና በብራውዘር (እንደ ክሮም ባለ የኢንተርኔት መክፈቻ) ብቻ ይሠራል። ሳንቲም አያስወጣም።

አድራሻው ሲነካ ምን ይሆናል?

እንግዳው ስልኩ ላይ አድራሻውን ሲነካ ብራውዘሩ መጀመሪያ ስሙን ወደ ቁጥር ያስቀይራል። ይህን የሚሠራው ዲኤንኤስ የሚባለው ሥርዓት ነው። ስም ተቀብሎ የሰርቨሩን፣ ማለትም ገጹን ይዞ ለጠየቀ የሚሰጠውን ኮምፒውተር፣ መለያ ቁጥር (አይፒ አድራሻ) ይመልሳል። ቀጥሎ ብራውዘሩ ሰርቨሩን «ይህን ፋይል ስጠኝ» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ፋይሉን ካገኘ 200 የሚል ቁጥር አስቀድሞ ይልከዋል። ካጣው 404 ብሎ ይመልሳል።

ልዩነቱ ያለው ሰርቨሩ ጋ ነው። ቀበሌ ስትሄዱ አንዳንዱ መረጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አንብባችሁ ትሄዳላችሁ። ሌላው ደግሞ መስኮት ላይ ያለችውን ሠራተኛ ካልጠየቃችሁ አይገኝም። እሷ መዝገብ ትከፍታለች፣ ፋይል ትፈልጋለች፣ መልሱን ለእናንተ ብላ ትጽፋለች። ስታቲክ ገጽ የተለጠፈው ነው፤ አንዴ ተጽፎ አልቋል። የመጣው ሰው ሁሉ ያንኑ ያነባል። ዳይናሚክ ገጽ ግን እንደ ሠራተኛዋ መልስ ነው። በጠየቃችሁ ቁጥር ሰርቨሩ ላይ ያለ ፕሮግራም ዳታቤዝ (የመረጃ መዝገብ) ከፍቶ ገጹን እንደ አዲስ ያዘጋጃል። ፌስቡክ እንዲህ ነው፤ ለእናንተና ለጎረቤታችሁ አንድ ዓይነት ገጽ አያሳይም። ወርድፕሬስም በመሠረቱ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ከዚህ ብዙ ነገር ይከተላል። ስታቲክ ገጽ ቶሎ ይደርሳል፤ ሰርቨሩ ማንሳትና መስጠት ብቻ ነው ሥራው። የሚሰበር ዳታቤዝ፣ በየወሩ አፕዴት የሚፈልግ ፕለጊን (ተቀጥላ ፕሮግራም) የለውም። ሁለት ዓመት ዞር ብላችሁ ባታዩትም እንደነበረ ይቆያል።

ስለ መቆየቱ ካነሳን፣ የመጀመሪያው የዓለማችን ድረ ገጽ ራሱ ስታቲክ ነበር። ቲም በርነርስ-ሊ ስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን በተባለ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ሲሠራ ሐሳቡን ያቀረበው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ገጹ በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ቅጂው ተቀምጦ ዛሬም ይከፈታል። ያኔ የተጻፈውን የእናንተ ስልክ ያለ ምንም ችግር ያነበዋል።

አንድ የተለመደ ስህተት እዚህ ላይ ይስተካከል። ስታቲክ ማለት የማይንቀሳቀስ ገጽ ማለት አይደለም። ሜኑ ሊከፈትና ሊዘጋ ይችላል፤ ፎቶ ሊፈራረቅ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ጃቫስክሪፕት ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ የሚሠራው እንግዳው ስልክ ላይ ነው፤ ሰርቨሩ አያውቀውም። «ስታቲክ» የተባለው ከሰርቨሩ የሚወጣው ፋይል ሳይለወጥ ስለሚወጣ ነው።

መቼ ነው የማይበቃው?

ደንበኛ በስሙ ገብቶ የራሱን መረጃ የሚያይበት፣ ክፍያ የሚፈጸምበት ወይም ክፍል ሲያዝ ወዲያው የሚቀነስበት ገጽ ከፈለጋችሁ ስታቲክ ብቻውን አይበቃም። አምስት ክፍል ላለው ማረፊያ ግን ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? እንግዳው ስልክ ይደውላል ወይም በቴሌግራም ይጽፋል። አክስታችሁም የሚያምኑት የሰማ ጆሯቸውን ነው። የስልክና የቴሌግራም ሊንክ አስቀምጣችሁ እለፉ።

መጀመሪያ ወረቀት

ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ የሚጻፈውን ወረቀት ላይ ጨርሱት። የማረፊያው ስም፣ የክፍሎቹ ዓይነትና ዋጋ፣ የሚበላው፣ የመንገዱ አቅጣጫ፣ ስልክ። አቅጣጫውን ከደሴ ለሚመጣም ለማያውቀውም እንዲሆን አድርጋችሁ ጻፉት፦ «ከደሴ በወልዲያ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ባጃጅ ያዙ» ዓይነት።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። «ቁርስ ከ1 እስከ 4 ሰዓት» ለእኛ ግልጽ ነው። ወደ ላሊበላ ሲያልፍ ሐይቅ አድሮ የሚሄደው የውጭ አገር ሰው ግን ሌሊት ይመስለዋል። እንግሊዝኛ ገጽ ከሠራችሁ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር ቀይሩት፤ 1 ሰዓት የነበረው ከጠዋቱ 7 ይሆናል። ሁለቱን ቋንቋ አንድ ገጽ ላይ ከማደባለቅ ሁለት ፋይል አድርጋችሁ በሊንክ ማገናኘት ይሻላል።

ፎልደርና የፋይል ስም

አንድ ፎልደር ክፈቱ። ውስጡ ሦስት ነገር ይኖራል፦ የገጹ ፋይል፣ የመልኩ ፋይል፣ እና የፎቶ ፎልደር። የገጹ ፋይል ስም የግድ «ኢንዴክስ» ሆኖ መጨረሻው ነጥብ ኤችቲኤምኤል መሆን አለበት። እንግዳው የድረ ገጹን ስም ብቻ ሲጽፍ ሰርቨሩ በልማድ የሚያነሳው ይህን ስም ያለውን ፋይል ነውና።

ስም አወጣጥ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ሰው የሚያሰቃየው እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ብቻ ጻፉ፤ በስሙ መሃል ክፍት ቦታ አትተዉ፤ ካስፈለገ ሰረዝ ተጠቀሙ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል አይለይም። አብዛኞቹ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊኑክስ ግን ይለያል። የፎቶው ስም በትልቅ ፊደል ጀምሮ ገጹ ውስጥ በትንሽ ከጠራችሁት እናንተ ቤት አምሮ ይታያል፤ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ፎቶው የለም። ከስልክ የሚመጡ ፎቶዎች መጨረሻቸው ላይ ያለው «ጄፒጂ» አንዳንዴ በትልልቅ ፊደል ስለሚሆን እሱንም እዩት።

ሌላው ወጥመድ የፎቶው መንገድ ነው። ፎቶውን ስትጠሩ ከፎልደራችሁ ጀምራችሁ «ፎቶ ፎልደር ውስጥ ያለው እገሌ» በሉ። ከሲ ድራይቭ ጀምሮ ያለውን ረጅም አድራሻ ከገለበጣችሁ ከእናንተ ኮምፒውተር በቀር ማንም አያየውም።

አጽሙን መጻፍ

ኖትፓድ ክፈቱ። ወርድ አይሆንም፤ ወርድ ከጽሑፉ ጋር የራሱን ጉዳይ ይጨምራል።

ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤል ይባላል፤ የሚጻፈውም በታግ ነው። ታግ ማለት በሁለት ማዕዘን ቅንፍ መሃል ያለ ስም ነው። አብዛኛው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ መዝጊያው ላይ አንድ እዝባር (/) ይጨመራል። ከታች የታጎቹን ስም በአማርኛ አጠራራቸው ነው የጻፍኩት፤ እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፊደሉን ለማየት ማንኛውንም ድረ ገጽ በኮምፒውተር ከፍታችሁ ኮንትሮልንና ዩን አንድ ላይ ተጫኑ። የገጹ ኤችቲኤምኤል ራቁቱን ይወጣል። እንዲህ ያለ አጽም ታገኛላችሁ፦

‹!ዶክታይፕ ኤችቲኤምኤል›
‹ኤችቲኤምኤል ላንግ="ኤኤም"›
‹ሄድ›
‹ሜታ ቻርሴት="ዩቲኤፍ-8"›
‹ሜታ ኔም="ቪውፖርት" ኮንቴንት="ዊድዝ=ዲቫይስ-ዊድዝ"›
‹ታይትል›ሐይቅ ዳር ማረፊያ‹/ታይትል›
‹ሊንክ ሬል="ስታይልሺት" ኤችሬፍ="ስታይል.ሲኤስኤስ"›
‹/ሄድ›
‹ቦዲ›
‹ኤች1›ሐይቅ ዳር ማረፊያ‹/ኤች1›
‹ፒ›ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በወልዲያ መስመር።‹/ፒ›
‹/ቦዲ›
‹/ኤችቲኤምኤል›

ሄድ ውስጥ ያለው ለብራውዘሩ የሚነገር ነው፤ ቦዲ ውስጥ ያለው ለእንግዳው የሚታይ። ኤች1 ዋናው ርዕስ ነው፣ ኤች2 ንዑስ ርዕስ፣ ፒ አንቀጽ። «ላንግ» ላይ ያለው «ኤኤም» ገጹ አማርኛ መሆኑን ይናገራል። የቪውፖርቱን መስመር ከረሳችሁ ደግሞ ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ገጽ አጥብቦ ያሳየዋል፤ ሰው በሁለት ጣት እየለጠጠ ማንበብ ይጀምራል።

ዩቲኤፍ-8 ላይ ትንሽ እንቆይ፤ አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሊያልፈው አይገባም። ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ዓለም የተስማማበት ሰንጠረዥ ዩኒኮድ ይባላል። የግዕዝ ፊደል እዚያ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ዩቲኤፍ-8 ደግሞ እነዚያ ቁጥሮች ፋይል ውስጥ የሚጻፉበት ዘዴ ነው። የሜታ ቻርሴቱ መስመር ከሌለ ወይም ኖትፓድ ላይ ስታስቀምጡ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 ካላላችሁ፣ «ሐይቅ» ያላችሁት እንግዳው ዘንድ ሲደርስ የተዘበራረቀ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ጣጣው ከዚህም ያልፋል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የእንግሊዝኛውን ፊደል ቁጥር ይዘው በፎንት ብቻ ግዕዝ ያስመስሉት ነበር። የቆየ የቢሮ ጽሑፍ ከወርድ ገልብጣችሁ ኖትፓድ ላይ ስትለጥፉት የላቲን ፊደልና ምልክት ዝንቅንቅ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው። ቻርሴት ብትቀይሩ አይድንም። ወይ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ይለወጣል፣ ወይ እንደገና ይተየባል። ለአንድ ገጽ ጽሑፍ እኔ እንደገና መተየቡን እመርጣለሁ፤ ስህተት ከመልቀም ያርፋል።

ስልክና ሊንክ

ሊንክ የሚሠራው «ኤ» በሚባል ታግ ነው። ለስልክ ቁጥር ከኤችሬፍ (የሊንኩ መድረሻ ከሚጻፍበት ቦታ) ቀጥሎ «ቴል» እና የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ (:) አድርጋችሁ ቁጥሩን ጻፉ። መጀመሪያ ያለውን 0 አውጥታችሁ +251 አስገቡ። ያኔ እንግዳው ሲነካው ስልኩ መደወያውን ይከፍታል፤ ከውጭ የሚደውለውም አይቸገርም።

ካርታውን ገጹ ውስጥ አትክተቱት። ከጽሑፋችሁ ሁሉ በላይ የሚከብድ ዳታ ይዞ ይመጣል። ወደ ጉግል ማፕ የሚወስድ አንድ ሊንክ በቂ ነው፤ የፈለገ ይነካዋል።

ዋጋውን ስትጽፉ ከሥሩ «ይህ ዋጋ የተጻፈው በዚህ ቀን ነው» በሉ። ገጹ ካልነካችሁት አይለወጥም፤ ዋጋ ግን ይለወጣል። እንግዳው አሮጌ ዋጋ አንብቦ መጥቶ ከአክስታችሁ ጋር እንዲጨቃጨቅ አታድርጉ።

መልኩ

መልክ የሚሰጠው ሲኤስኤስ የሚባለው ሁለተኛው ፋይል ነው። ለብቻው የሚቀመጥበት ምክንያት አለው። ገጾቹ አሥር ቢሆኑ ሁሉም አንዱን ፋይል ይጠራሉ፤ ቀለም ስትቀይሩ አንድ ቦታ ብቻ ትነካላችሁ። ብራውዘሩም አንዴ ካወረደው ለሚቀጥለው ገጽ ያስቀምጠዋል።

አማርኛ ሲጻፍ ልብ የሚባሉት ጥቂት ናቸው። የፊደሉ መጠን 18 ፒክስል ይሁን። የመስመር ከፍታው 1.7 አካባቢ ይሁን፤ ፊደላችን ሙሉ ስለሆነ መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዓይን ይደክማል። የጽሑፉን ስፋት በ640 ፒክስል ገድቡት። ፎንት ማውረድ አያስፈልግም፤ የአንድሮይድ ስልኮች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይዘው ነው የሚመጡት። «ሳንስ ሰሪፍ» ብቻ ብላችሁ ብትተዉት ስልኩ ራሱ ያለውን ይመርጣል።

የፎቶ ክብደት

ብራውዘሩ ኤችቲኤምኤሉን ከላይ ወደ ታች ያነባል። መሃል ላይ ፎቶ ሲያገኝ ለብቻው ሌላ ጥያቄ ወደ ሰርቨሩ ይልካል። ስምንት ፎቶ ስምንት ጥያቄ ነው።

አሁን ሒሳቡን እዩት። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። 4,000 ፊደል ያለው ገጽ ማለት 12 ኪሎ ባይት ገደማ ነው። ከስልክ በቀጥታ የወጣ አንድ ፎቶ ደግሞ በቀላሉ 4 ሜጋ ባይት ይሆናል። አንዱ ፎቶ ብቻውን ከ300 በላይ እንዲህ ያሉ ገጾችን ያህል ይከብዳል! እንግዳው በሞባይል ዳታ፣ ውጫሌ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ ቢከፍተው ክፍያው የእሱ ነው።

ስለዚህ ፎቶውን ወደ 1,200 ፒክስል ስፋት አሳንሱት። በጄፒጂ ጥራቱን 75 አካባቢ አድርጋችሁ ስታስቀምጡት ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎ ባይት እምብዛም አይርቅም። ስልክ ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ፎቶውን በሚጠራው ታግ (አይኤምጂ) ውስጥ «አልት» በሚለው ቦታ ደግሞ ፎቶው ምን እንደሆነ በአማርኛ ጻፉ፤ ፎቶው ሳይመጣ ሲቀር ጽሑፉ ይታያል፣ ዓይነ ስውራን የሚጠቀሙበት አንባቢ ፕሮግራምም እሱን ነው የሚያነበው። ደግሞ የክፍሉን ፎቶ አስቀድሙ፣ የሐይቁን ተከታይ አድርጉት። ሐይቁን ሁሉም ያውቀዋል፤ አልጋውን ነው ማየት የሚፈልገው።

ያለ ኢንተርኔት መሞከር

ፋይሉን ሁለቴ ክሊክ አድርጉት። ብራውዘሩ ይከፍተዋል። አድራሻው ላይ «ፋይል» የሚል ቃል ታያላችሁ፤ ከራሳችሁ ዲስክ ነው የተነበበው። ሰርቨርም ኔትወርክም አላስፈለገም። ሥራውን ሁሉ እዚህ ጨርሳችሁ ኔትወርክ ሲመጣ መጫን ትችላላችሁ። አንድ ነገር ስትቀይሩ አስቀምጡና ኤፍ5ን ተጫኑ።

ኤፍ12ን ከተጫናችሁ ደግሞ የብራውዘሩ ጓዳ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ የስልክ ምልክቷን ስትነኩ ገጹ በስልክ ስፋት ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። ኔትወርክ የሚለው ክፍል እያንዳንዱ ፋይል ስንት ኪሎ ባይት እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ኔትወርኩን ሆን ብላችሁ ቀርፋፋ አድርጋችሁ የምትሞክሩበት ምርጫም አለው። ከተጫነ በኋላ ይህን ሙከራ ድገሙት።

ወደ ኢንተርኔት

ነጻ ቦታ የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ጊትሀብ ፔጅስ፣ ኔትሊፋይ፣ ክላውድፍሌር ፔጅስ። እኔ ለጀማሪ ጊትሀብን እላለሁ። አካውንት ክፈቱ። አዲስ ሪፖዚተሪ (የፋይሎቻችሁ ማስቀመጫ) ፍጠሩ፤ ስሙ የተጠቃሚ ስማችሁ፣ ነጥብ፣ ጊትሀብ፣ ነጥብ፣ አይኦ ይሁን። «ፐብሊክ» የሚለውን ምረጡ። ከዚያ «አፕሎድ ፋይልስ» የሚለው ውስጥ ፋይሎቻችሁንና የፎቶ ፎልደሩን ጎትታችሁ ጣሉና ከታች ያለውን አረንጓዴ ቁልፍ ተጫኑ። ኢንዴክሱ ከሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ፊት ለፊት መታየት አለበት። ሴቲንግስ ውስጥ «ፔጅስ» የሚለውን ከፍታችሁ ቅርንጫፉ «ሜይን» መሆኑን አረጋግጡ። በደቂቃዎች ውስጥ አድራሻው ይሠራል። አድራሻው አጠገብ መቆለፊያ የሚያሳየው፣ ገጹ መሃል ላይ በሌላ ሰው እንዳይነበብ የሚጠብቀው ኤችቲቲፒኤስም አብሮ ይመጣል።

ወሰን አለው። የተጫነው ገጽ በጠቅላላ ከ1 ጊጋ ባይት እንዳይበልጥ ይጠይቃሉ፤ ለማረፊያው ከበቂ በላይ ነው። ሪፖዚተሪው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ግን የባንክ ደብተር ፎቶ ወይም የእንግዳ ስም ዝርዝር እዚያ አይገባም። «ገጹ ላይ ሊንክ አላደረግኩትም» ብላችሁ አትተማመኑ፤ ፋይሉ ካለ ይገኛል።

የራሳችሁ ስም ያለው አድራሻ ከፈለጋችሁ ዶሜይን ይገዛል። በነጥብ ኢቲ የሚያልቀው የሚገኘው ከኢትዮ ቴሌኮም ነው። ዶሜይን በየጊዜው ይታደሳል፤ ካልታደሰ ገጹ በቦታው እያለ ስሙ ብቻ ይጠፋል። የጊትሀቡ አድራሻ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል ባይ ነኝ።

ከተጫነ በኋላ የሚያጋጥሙ

ዋጋ ቀይራችሁ ጭናችሁ አሮጌው እየታየ ከሆነ አትደንግጡ። ብራውዘሮች ያወረዱትን ፋይል ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጣሉ፤ ጊትሀብ ፔጅስ 10 ደቂቃ እንዲያስቀምጡ ይፈቅዳል። ኮንትሮልና ኤፍ5 ይህን አልፎ አዲሱን ያመጣል።

ሙሉው ገጽ 404 ካለ የኢንዴክሱን ስም አንድ በአንድ አንብቡ፤ ኖትፓድ መጨረሻው ላይ ነጥብ ቲኤክስቲ ጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ይህን ቅጥያ ስለሚደብቅ ዓይናችሁ አያየውም። ጽሑፉ መጥቶ መልኩ ከቀረ የሲኤስኤሱ ስም ተሳስቷል። ከአንድ ቦታ ጀምሮ ጽሑፉ ሁሉ ደምቆ ወይም ሊንክ ሆኖ ከቀጠለ ያልተዘጋ ታግ አለ።

ገጾቹ ሲበዙ፣ ለምሳሌ ስለ ባቲ ሰኞ ገበያና ስለ ላሊበላ መንገድ ለብቻ ለብቻ ስትጽፉ፣ አንድ ዓይነት ሜኑ በየፋይሉ መገልበጥ ይሰለቻል። ለዚህ ጄኪል እና ሁጎ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ሜኑውን አንዴ ትጽፋላችሁ፣ እነሱ ሁሉንም ገጽ አዘጋጅተው ይሰጧችኋል። የሚወጣው ያው ስታቲክ ፋይል ነው። ገጾቹ አራት አምስት እስኪሞሉ ግን አትንኳቸው።

አንድ ነገር ቀረ፣ እሱም ከቴክኒኩ ይልቅ ብዙ ገጽ ያስቀረ ነው። አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል አትክፈቱት። ገጹን የሠራው ልጅ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ይሄዳል፣ ስልኩን ይቀይራል፣ ማረፊያው የሁለት ዓመት አሮጌ ዋጋ ይዞ ይቀራል። ኢሜይሉ የአክስታችሁ ይሁን። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን በእሳቸው ስልክ አብሩት። ጊትሀብ የሚሰጣችሁን የመጠባበቂያ ኮድ አትማችሁ ከቤቱ ካርታ ጋር እንዲያስቀምጡት ስጧቸው።